ሳንጨምር ሳንቀንስ

ከዘመሮ ወደ ቀየት በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ አንድ ሽማግሌና የራዲዮ ጣቢያ ኮፍያ ያደረገ ወጣት ተቀምጠዋል። ወጣቱ ለተሳፋሪው ሁሉ የጣቢያውን ተለጣፊ ያድላል።

«ምን ይላል ልጄ? ዓይኔ አያነብልኝም።»

«‹ድምፅዎን ሳንጨምር ሳንቀንስ እናሰማለን› ይላል፣ አባባ። መሪ ቃላችን ነው።»

«እናንተ ናችሁ እንዴ! በቀደም መንደራችን መጥታችሁ እኔንም አናግራችሁኝ ነበር።»

«እውነት? ስለ ምን?»

«ስለ ቦኖው። በተመረቀ በሳምንቱ ደረቀ፣ ሴቶቹ ዛሬም ገደል ወርደው ነው ውሃ የሚቀዱት አልኳችሁ። ግማሽ ቀን አወራሁ።»

«ታዲያ ተላለፈልዎ?»

«እንዴታ! ጎረቤት ሰብስቤ ሰማሁት። ‹ነዋሪዎች በውሃው መደሰታቸውን ገለጹ› አላችሁና የእኔን ድምፅ አመጣችሁ።»

«ምን ሲሉ?»

«‹እግዚአብሔር ይስጥልኝ!› እንግዳ ናችሁ ብዬ ስሸኛችሁ ያልኩትን!»

«የአየር ሰዓት አጥሮን ይሆናላ፣ አባባ።»

«መቼም አልጨመራችሁም፤ በዚህስ አትታሙም። ከዚያ ወዲህ ሚስቴ ጀሪካኗን ባነሳች ቁጥር ‹በል አመስግን እንጂ› ትለኛለች።»

«ለአለቃዬ እነግርልዎታለሁ። ለጊዜው ይቺን ራዲዮዎ ላይ ይለጥፏት።»

«እግዚአብሔር ይስ…» ሽማግሌው አፋቸውን በጋቢያቸው ያዙ። «ተወው! ይቺንም ታሰሟታላችሁ። ወራጅ አለ!»

ቀየት ስንደርስ ሾፌሩ ሻንጣዬን አውርዶ ሲያቀብለኝ፣ ‹እግዚአብሔር ይስጥልኝ› ልል አፌን ከፈትኩና፣ ኮፍያውን ከጎኔ ሳየው መልሼ ዘጋሁት።