ምጽዋን የኔ ናት ያሉ ሁሉ

በኛ ጊዜ እንዲህ አልነበረም ብልሽ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ውሸት ነው። በኛም ጊዜ ምጽዋ የኔ ናት፣ የኔ ናት ነበር ወሬው። ስልክሽን ጠጋ አድርጊው ሜሮን፣ ስትቀጂኝ ድምፄ ይግባበት። እኔ እንግዲህ የዚያች ከተማ ልጅ ነኝ። አባቴ ከወሎ ወርዶ ጨው ማምረቻው ውስጥ ተቀጠረ፣ እና እዚያው ወለደን፣ እኔንና ታላቅ እህቴን ዘውዴን። እኔ ወጣሁ፣ እሷ ዓሣ አጥማጅ አግብታ ቀረች። ይኸው እስከ ዛሬ እዚያው ናት።

ታዲያ ያለፈው እሁድ እዚህ ፓይን ሌክ፣ ቸርች አዳራሽ ውስጥ፣ ከአምልኮ በኋላ ምሳ ላይ ነን። ናቲን ታውቂው የለ፣ ሮዝዌል የሚኖረው፣ ኮምፒውተር የሚሠራው? ሰሞኑን ደግሞ የቀይ ባሕር ወሬ ነው፤ ጦርነት ሊነሣ ነው ይላሉ፣ እኔ በእህቴ ጭንቀት መቀመጫ አጥቻለሁ፣ ቁጭ እላለሁ፣ እነሣለሁ። እና እሱ ሹካውን እያወዛወዘ፣ "ሊስን አባባ፣ ሂስትሪውን ቼክ አድርግ። ምጽዋ የኛ ናት። ጀስት ሄዶ መውሰድ ነው" አይለኝም? ምሳ ቴክአውት አዝዞ ይዞ የሚወጣ ነው የሚመስለው።

"ሂስትሪውን እኔ ልንገርህ" አልኩት። "መጀመሪያ አዱሊስ ነበረች፣ ከኛ ወደ ደቡብ፤ የአክሱም ሰዎች የዝሆን ጥርስ ይጭኑባት የነበረችው። እሷ አፈር ለበሰችና ንግዱ ወደኛ ደሴት፣ ወደ ምጽዋ ዞረ። ቱርክ መጣ፣ የኔ ናት አለ፣ ሄደ። ግብፅ ተቀበለው፣ ሄደ። ጣልያን ባቡር ዘረጋ፣ ሄደ። እንግሊዝ ደግሞ ያገኘውን ነቃቅሎ ሄደ። እኛም በተራችን የኛ ናት አልን፣ ወጣን። ዛሬ ግማሽ ቤቷ ፍርስራሽ ነው። እና ይኼ ሁሉ ሲሆን ሰዉ የት ነበር? እዚያው ነበር፣ ውሃውን ሲቀዳ፣ ዓሣውን ሲያጠምድ።"

"ኦኬ፣ ግን አሁን ይለያል፣ በሁለት ቀን ያልቃል" አለኝ።

በሁለት ቀን! የእህቴ ባል እኮ በአንድ ጠዋት ነው ያለቀው። ያኔ ከተማዋን ለቀን ስንወጣ፣ መረቡን ሲጠግን አውሮፕላን መጣ፣ ቦምብ ጣለ። አውሮፕላኑ ደግሞ የኛ ነበር፣ ሜሮን። የኛ። ይኼን ለማንም አልናገርም ነበር፣ ለናቲ ግን ነገርኩት። "ሶሪ አባባ" አለና ዳቦውን ቆረሰ።

ያኔ ነደደኝ። ስልኬን አውጥቼ እህቴ ጋ ደወልኩ። መስመሩ ሁልጊዜ አይገኝም፣ ያን ቀን ግን በሁለተኛው ጥሪ አነሣች። ድምፁን ለሁሉም ከፈትኩና፣ "ዘውዴ፣ እዚህ አንድ ልጅ እናንተ ጋ እመጣለሁ ይላል" ብዬ ስልኩን እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። ያፍራል ብዬ ነው። ጅል ነኝ።

"ሄሎ... እማማ... አዎ፣ እንመጣለን እያልን ነበር" አለ።

እሷ ደግሞ አማርኛዋ ዝጓል፣ ቀስ እያለች፣ "እንኳን አሰባችሁን፣ የኔ ልጅ። ስንት ናችሁ?" አለችው። "ቤቱ ይሞቃል፣ አልጋ የማወጣው ደጅ ነው፣ ከጎረቤትም እለምናለሁ። ዓሣውም በጠዋት ካልተያዘ ያልቃል። ስንት ልበል?"

ናቲ እኔን ያያል፣ እኔ ሳህኔን አያለሁ።

"ልጄ፣ ትሰማኛለህ? ስንት ሆናችሁ ነው የምትመጡት?"

ሦስት ጊዜ ጠየቀችው። እሱ ስልኩን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው ያዛውራል። ጨነቀኝና ስልኩን ቀማሁት። "ዘውዴ፣ እኔ ነኝ የምመጣው፣ ብቻዬን" አልኳት።

"አንተማ ሠላሳ ዓመት መጣሁ ስትል ኖርክ፣ ላንተ አልጋ አላወጣም" ብላ ሳቀች። "ያንን ልጅ መልሰህ አገናኘኝ።"