በሰው ሳሎን የሚያልፍ መንገድ

«አላናግራትም አልኩሽ እኮ፤ ስንት ጊዜ ልበልሽ?» አለች ሸዋረገድ፣ የተጣጠፈውን ልብስ አልጋው ላይ ጣል አድርጋ። «አራት ወር ሙሉ ሰላምታ የነሳኋትን ሴት ዛሬ ሥራ ስላገኘሁ ሄጄ ደጅ ልጥናት? ይልቅ ለኢሳ ደውዬ ሥራው ይቅርብኝ እለዋለሁ።»

«ቪዛሽስ፣ እትዬ?» አለች ትንቢት።

መልሱን ሁለቱም ያውቁታል። አሥራ ስምንት ዓመት ያገለገለቻቸው ማዳም ልጆቻቸው ዘንድ ጠቅልለው ከሄዱ ወዲህ መኖሪያ ፈቃዷ ሊያበቃ የቀረው ሃያ ቀን ነው። የጽዳት ሠራተኞች አለቃ የሆነው ኢሳ ሻርጃ ውስጥ አንድ ክሊኒክ ሥራ አግኝቶላታል፤ ቪዛውንም ቀጣሪው ያወጣል። ሰዓቱ ግን ከቀትር በኋላ ተጀምሮ እኩለ ሌሊት ላይ የሚያበቃ ነው። እሺ ወይም እምቢ የምትለው ደግሞ በዚሁ ዓርብ፣ ጀምበር ሳትጠልቅ ነው።

ችግሩ በሩ ነበር። ሸዋረገድ የምትኖረው ከሻርጃ አጠገብ ባለችው አጅማን ከተማ፣ አል ራሺዲያ ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ካለ አፓርታማ በውስጠኛው ክፍል ነው። ሳሎኑን የተከራዩት ቡሽራ የምትባል ሱዳናዊት፣ ባሏ አብዱልወሀብና ሁለት ልጆቻቸው ናቸው። ቤቱ አንድ መውጫ ብቻ ስላለው ሸዋረገድ ስትወጣም ስትገባም በእነሱ ሳሎን ታልፋለች፤ ለመተላለፊያ ተብሎ በስስ ጣውላ የተከለለ አንድ ሰው የሚያሳልፍ መንገድ አለ። የውጭው በር ቁልፍ አላት። ቡሽራ ግን ከምሽቱ አራት ሰዓት ሲሆን በሩን ከውስጥ ትቀረቅረዋለች፤ መቀርቀሪያውን ደግሞ ከውጭ የሚከፍተው ቁልፍ የለም። ከአራት ወር በፊት ሸዋረገድ አምሽታ መጥታ ግማሽ ሰዓት ደረጃው ላይ ቆማለች። ቡሽራ በመጨረሻ ከፈተችላትና አንዲት ቃል ሳትናገር ተመልሳ ገባች። ሸዋረገድ ከዚያ ቀን ጀምሮ አኮረፈች።

ኩርፊያ በአገሯ ሥርዓት ያለው ነገር ነው። የተቀየመ ሰው ሰላምታ ይነሳል፤ ጎረቤት ያይና ሽማግሌ ይላካል፤ ሽማግሌው ጥፋተኛውን ይቅርታ ያስጠይቃል። ሸዋረገድ የድርሻዋን አድርጋለች። ፊቷን አዙራ ታልፋለች፣ ሻይ ሲቀርብላት እጇን አንስታ እምቢ ትላለች፣ ልጆቹን አትስምም። የቀረው የቡሽራ ድርሻ ነው፤ እሱን ስትጠብቅ አራት ወር አለፈ። መጠበቁ አድክሟታል። በገዛ ቤቷ በር እንደ እንግዳ አንገቷን ደፍታ መግባት ከሥራ ይልቅ ያደክማል።

ትንቢት የሟች እህቷ ልጅ ናት። ሻርጃ፣ ሙዋይለህ ባለው ዩኒቨርሲቲ በነፃ ትምህርት ዕድል የውጭ ግንኙነት ትማራለች፤ ዓርብ ዓርብ በአውቶቡስ እየመጣች አክስቷን ትጠይቃለች። ያን ዕለት የመጣችው በመመረቂያ ጽሑፏ ብዛት ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

«ቡሽራ ሽማግሌ የምትልከው ማንን ነው?» አለች ትንቢት። «እዚህ ሽማግሌ የት አለ?»

«የምትልከው አታጣም። ባሏ የለም?»

«መጀመሪያ ነገር እንዳኮረፍሽ ታውቃለች?»

«ፊቴን አታይም?»

«ፊትሽን እኔም አያለሁ፤ ደክሞሽ ይሁን አኩርፈሽ አላውቅም።»

ሸዋረገድ ሳትወድ ፈገግ አለች። ወዲያው ግን ፊቷን አኮሳትራ፣ ግድ ከሆነ ለአከራዩ እንደምትከስ ተናገረች። ትንቢት ጣውላውን በጣቷ አንኳኳችው። ይህ ክልል ያለ ፈቃድ የተሠራ መሆኑን፣ ክስ ሲመጣ አከራዩ አንዷን መርጦ እንደማያባርር፣ ሁለቱንም ከነዕቃቸው ደረጃው ላይ እንደሚያስቀምጣቸው በእርጋታ አስረዳቻት።

«ታዲያ መንግሥት የሚያስተምርሽ ለዚህ ነው? ሰውን ተለማመጡ ብለሽ እንድትመክሪ?»

«የምጽፈው ስለ ምን እንደሆነ ጠይቀሽኝ አታውቂም።»

«ስለ ምንድን ነው?»

«ሌሶቶ ስለምትባል አገር። ትንሽ ናት፣ ተራራማ ናት፣ ባሕር የላትም። ዙሪያዋን ያለው ደግሞ አንድ ጎረቤት ብቻ ነው፤ ደቡብ አፍሪካ። በየትኛውም በኩል ብትወጪ እሱ ነው።»

ሸዋረገድ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «እንደኔ» አለች።

«እንደ አንቺ። አንድ ጊዜ ተጣሉና ጎረቤትየው ድንበሩን ዘጋባት። ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ የሌሶቶ መንግሥት ወደቀ።»

«ይኸው። ጉልበት ያለው እንዲህ ነው የሚያደርገው። የኛ አገርም ባሕር የለውም፤ ግን ትልቅ ስለሆነ የሚደፍረው የለም።»

«ትልቅም ቢሆን ዕቃው የሚገባው በሰው ወደብ ነው። አሁን ስለ ትንሿ ልጨርስልሽ። በዚያው ዓመት የውሃ ውል ተፈራረሙ። ሌሶቶ ተራራዋ ላይ ውሃ አላት፤ ጎረቤቷ ትልልቅ ከተሞች አሉት፣ ውሃ ያንሰዋል። ዛሬም ውሃ ትሸጥለታለች። ውሉ ፍጹም ነው አልልሽም፤ በዋጋው የሚያጉረመርሙ አሉ። ነገር ግን መንገዱን የያዘው ሰው እሱም ከእሷ የሚፈልገው ነገር አለ። ያ ነው ልዩነቱ።»

ሸዋረገድ ጣል ያደረገችውን ልብስ አንስታ መልሳ አጣጠፈችው። እንዲህ ያለውን ክርክር ብዙ ሰው የማይቀበለው እውነት ስለጎደለው ሳይሆን፣ እውነቱ ስለሚያሳፍረው ነው። እሷን ግን ያሳፈራት የለም፤ ደክሟት ብቻ ነበር።

«እኔ ምን ውሃ አለኝ?» አለች በመጨረሻ።

«ወደዚህ ስገባ ጭንቅላቴን የነካኝ ምንድን ነው?»

የሕፃን ልብስ ነበር። ቡሽራ ማስጫ ስለሌላት ልብስ የምታሰጣው በዚያው ጠባብ መተላለፊያ ነው፤ ሸዋረገድ በየቀኑ እርጥብ ሸሚዝ ፊቷን ሲጠርገው እንደ ንቀት ትቆጥረዋለች። ከሸዋረገድ ክፍል ጀርባ ደግሞ ፀሐይ የሚያገኘው ሰገነት አለ። እሱ ላይ ያሉት የማዳም ሁለት አሮጌ ሻንጣዎችና የተሰበረ የብረት አልጋ ናቸው።

«ሰገነቴን?» አለች ሸዋረገድ።

«ሁልጊዜ አይደለም። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በተወሰነ ሰዓት። አንቺም በሩ እንዲከፈትልሽ ትጠይቂያለሽ። ንቀሽኛል አትበያት፤ የሚያስፈልግሽንና የምትሰጪያትን ብቻ ንገሪያት። ከዚያ እንጽፈዋለን።»

«ለጎረቤት ወረቀት? ነውር አይደለም?»

«አገር ለአገር ሲያደርገው ነውር አይባልም።»

«ብታፈርስስ?»

«ያን ጊዜ ወረቀቱን ይዘሽ ትጠይቂያታለሽ። እስከ ዛሬ የጠየቅሻት በፊትሽ ነው፤ ፊትሽን ደግሞ ማንበብ አልቻለችም።»

ሸዋረገድ ተነሳች። ነጠላዋን ለበሰች፣ መልሳ አወለቀችው፣ በሩን ከፈተች።

ቡሽራ መሬት ላይ ተቀምጣ የትንሹን ልጅ ጥፍር ትቆርጥ ነበር። ሸዋረገድ በአረብኛ ሰላም ስትላት መቀሱን አስቀምጣ ብድግ አለች፤ ተደናግጣ ሳይሆን ደስ ብሏት። ስለቷ አብቅቶ እንደሆነ ጠየቀቻት።

«የምን ስለት?» አለች ሸዋረገድ።

«የዝምታ ስለት። እናንተ ዘንድ ጾም ብዙ ነው፤ የመናገር ጾም የያዝሽ መስሎኝ ነበር። ልጆቹን ስታልፊ ኸላስ፣ በቃ፣ ዝም በሉ፣ አክስታችሁን አታስቸግሩ እላቸዋለሁ።»

ትንቢት የበሩን መቃን ተደግፋ ወደ መሬት አየች። አራት ወር የተለፋበት ኩርፊያ እዚያው መሬት ላይ፣ ከተቆረጠው ጥፍር ጋር ወድቆ ነበር። ሸዋረገድ እዚያው ተቀመጠች። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ከሰው ጋር ተጣልታ እንደኖረች ነበር የምታስበው፤ የተጣላችው ለካ ብቻዋን ነው።

ስለ ሥራው ነገረቻት፤ ስለ ሰዓቱም። መቀርቀሪያው ላይ ሲደርሱ የቡሽራ ፊት ተለወጠ። አብዱልወሀብ ሌሊት ሌሊት መኪና ይነዳል። እሷ ደግሞ ከካርቱም ከወጣች ወዲህ ያልተቀረቀረ በር ባለበት ቤት እንቅልፍ አይወስዳትም። ያን ቀንም ሳትከፍት ግማሽ ሰዓት የቆየችው የሚያንኳኳው ማን እንደሆነ ስላላወቀችና ልጆቹን አቅፋ ስለተቀመጠች ነው። ከከፈተች በኋላም መናገር አቅቷት ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለች ሸዋረገድ ቀስ ብላ።

«አንቺስ?»

ከዚያ በኋላ የነበረው ንግግር አጭርና የሥራ ንግግር ነበር። ቡሽራ በሩን ሳትቀረቅር መተኛት እንደማትችል፣ ሸዋረገድም ደረጃ ላይ ማደር እንደማትችል ተነጋገሩ። ገና ጡት ያልጣለው ትንሹ ልጅ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ለመጥባት ስለሚነሳ ቡሽራ ያን ጊዜ ነቅታ ነው የምትገኘው። ስለዚህ ሸዋረገድ ከአውቶቡስ ስትወርድ ትደውላለች፤ በሩ ጋ ስትደርስም ስሟን ትናገራለች፤ ከገባች በኋላ መልሳ የምትቀረቅረው ራሷ ትሆናለች። ማክሰኞና ቅዳሜ ጠዋት ሰገነቱ የቡሽራ ነው፤ መተላለፊያው ላይ ከእንግዲህ ልብስ አይሰጣም። ቅሬታ ያለባት በሦስት ቀን ውስጥ በአፏ ትናገራለች። ይህን የመጨረሻውን ያስገባችው ራሷ ሸዋረገድ ናት።

ትንቢት በአማርኛና በአረብኛ ሁለት ቅጂ ጻፈች። ቡሽራ በሰማያዊ እስክሪብቶ ፈረመች፤ ሸዋረገድ ስሟን በሙሉ ጻፈች። ያ ወረቀት ሁለቱን እህትማማች አላደረጋቸውም። ያደረገው አንዷ እንጀራዋን እንዳታጣ፣ ሌላዋ ያለ ፍርሃት እንድትተኛ፣ ልጆቹም ደረቅ ልብስ እንዲለብሱ ነው። ጎረቤትን መውደድ ግዴታ አይደለም፤ የሚፈልጉትንና የሚፈሩትን መንገር ግን አገርንም ሰውንም ያኖራል።

ሸዋረገድ ለኢሳ ደወለች። «እሺ በልልኝ» አለችው፤ ሌላ አልጨመረችም።

ከዚያ ሁለቱንም ሻንጣ የሚሞላ አቧራ ተነሳ። ቡሽራ የብረት አልጋውን በአንድ በኩል፣ ሸዋረገድ በሌላ በኩል ይዘው ሰገነቱን ያስለቅቁ ጀመር፤ ያላ፣ ወደ ግራ፣ አይደለም ወደ ቀኝ እየተባባሉ። ልጆቹ ባዶዎቹ ሻንጣዎች ውስጥ ገቡ። ወደ ሙዋይለህ የሚሄደው አውቶቡስ ሰዓቱ ደርሶ ነበር። ትንቢት ቦርሳዋን አነሳች፣ ጫማዋን አደረገች፣ በመተላለፊያው አልፋ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።