ከሐዲዱ በላይ የተላጨው ተዳፋት

ዶን ኢላሪዮ ኩንዶሪ እንደሚሉት ከሆነ፣ የዶኛ ኤፊፋኒያን የድንች ማሳ የቀበረው የሰኞው ዝናብ ነው፤ ዝናብ ደግሞ የሰው ትእዛዝ አይሰማም። ዶኛ ኤፊፋኒያ ግን በዚያ ማሳ ላይ ከዚህ የባሰ ዝናብ አሳልፋለች፤ ማሳዋን የቀበረው ከላይ ያለውን ሣር ያነሳው እጅ ነው ትላለች። የያውሪፓምፓ መንደር ሰው ግማሹ የእሳቸውን፣ ግማሹ የእሷን ወሬ ይዞ ይሟገታል።

ዶን ኢላሪዮ የግንበኞች አለቃ ናቸው። የዘንድሮው የሕፃኑ ኢየሱስ በዓል ደጋሽም እሳቸው ሲሆኑ፣ ከሐዲዱ ዳር የሚሠራው አዲሱ የባቡር መሳፈሪያ በበዓሉ ቀን እንደሚመረቅ በአደባባይ ቃል ገብተዋል። በዚያ አገር ግንባታ የሚጀመረው በደቦ ነው። ከበሮና ዋሽንት ከፊት፣ ዶማ የያዘ ሕዝብ ከኋላ ሆኖ ተዳፋቱን ከአናቱ እስከ ግርጌው በአንድ ቀን ይላጨዋል። አንዲት ጭብጥ ሣር ከቀረች ሰነፍ ተብሎ የሚዘፈነው በአለቃው ላይ ነው። ዶን ኢላሪዮም ከሐዲዱና ከዶኛ ኤፊፋኒያ ማሳ በላይ ያለውን ተዳፋት እንዲሁ አስላጭተውታል።

ማክሰኞ ጠዋት ዶን ኢላሪዮ ሰው ሳያያቸው ጉዳቱን ለመመልከት በሐዲዱ ዳር ሲወርዱ፣ ከእህታቸው ልጅ ከሮኔል ጋር ድንገት ተገናኙ። ሮኔል ኮሌጅ ገብቶ የአፈር ጥበቃ የተማረ፣ አሁን ሐዲዱን እንዲመረምር የተላከ ወጣት ነው። ከሐዲዱ ሥር የሚያልፈውን ቦይ ጎንበስ ብሎ ያያል። ቦዩ እስከ አፉ በጭቃ ታፍኗል።

"እንደምን አደሩ አጎቴ?"

"እግዜር ይመስገን። ኮሌጅ የገባኸው ጭቃ ልታጠና ነው እንዴ?"

"ጭቃውን እርስዎ ላኩልኝ፤ ምን ላድርግ?"

ዶን ኢላሪዮ አልሳቁም። "የላከው ዝናብ ነው። እኔ ደመና አልነዳሁም።"

"ማዶ ያለው ተዳፋት ላይስ አልዘነበም?"

ማዶው ሣሩን እንደለበሰ ነው፤ ከግርጌው የሚወርደው ውሃም ጠጠሩ እስኪታይ ድረስ ጠርቷል። የእሳቸው ተዳፋት ግን ቦረቦር በቦረቦር ሆኗል። ዶን ኢላሪዮ ዓይናቸውን ወደ ጫማቸው መለሱ።

"አባቴም ሲገነባ ይላጨው ነበር" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"አያቴ የሚገነቡት በደረቁ ወራት ነበር። እርስዎ በዓሉ እንዳያመልጥዎ ሰማዩ ጠቁሮ ሳለ ላጩት። ሣር የጠብታውን ጉልበት ይሰብራል፣ ሥሩም አፈሩን ይይዛል፤ የተራቆተ አፈር ግን ከውሃው ጋር ይሄዳል። የቆፈራችሁትን አፈርም የከመራችሁት ቦዩ አፍ ላይ ነው።"

"ለመዛቅ እንዲቀል ነዋ!"

"ለጎርፉም ቀለለው።"

ዶን ኢላሪዮ ክፉ ሰው አልነበሩም። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ከቤታቸው ሳይወጡ ያውቁት ነበር፤ የሚከራከሩትም ስላፈሩ ነው።

ይህን ጊዜ እዚያው አጠገብ ማሳዋ ላይ የነበረችው ዶኛ ኤፊፋኒያ ከጭቃው ውስጥ በእጇ ያወጣችውን ድንች ከፍ አድርጋ ተጣራች።

"ዶን ኢላሪዮ! ለድግስዎ ይሆናል፣ አጥበው ይቀቅሉት!"

"አንቺ ሴት፣ በሰው ፊት አታዋርጂኝ።"

"እኔም እኮ ደቦዎ ላይ ዶማ ይዤ መጥቻለሁ። እየጨፈርኩ የገዛ ማሳዬን እንደምቀብር ማን ነገረኝ?"

የአለቃው ጆሮ ጋለ። ወደ ሮኔል ዞሩና "ሌላ ዝናብ ቢመጣስ?" ሲሉ ጠየቁ።

"ውሃው መሄጃ ስለሌለው ሐዲዱን ይሻገራል። ከሐዲዱ ሥር የተነጠፈው ጠጠር በጭቃ ከተሞላ ሐዲዱ ይሰምጣል። ባቡሩ የሚያልፈው ሰው ጭኖ ነው፣ አጎቴ።"

"ምን ይሻላል?"

"ዛሬውኑ ቦዩን እንጥረግ። ከተዳፋቱ በላይ ውሃውን ወደ ድንጋያማው ሸለቆ የሚመልስ ፈር እንቅደድ፤ የተራቆተውን በጭድ እናልብሰው፤ ግርጌው ላይ የታሰረ ጭድ በአግድም እንደርድር። ከእንግዲህ የምንገነባበትን ቦታ ብቻ እንክፈት። የላይኛውን ለም አፈር ለብቻው ካስቀመጥነው ሥራው ሲያልቅ ሣሩን መልሶ ያበቅላል። ያኔ ሐዲዱም ይጸናል፣ የግንብዎም መሠረት አይቦረቦርም፣ ዶኛ ኤፊፋኒያም ድንቿን ትለቅማለች።"

"መሳፈሪያውስ ለበዓሉ ይደርሳል?"

ሮኔል ሊያጽናናቸው ፈለገ፤ መዋሸት ግን አልሆነለትም። "አይደርስም።"

ዶን ኢላሪዮ ወደ መንደሩ ወጥተው ደወሉን ራሳቸው ደወሉ። ሕዝቡ ሲሰበሰብ ባርኔጣቸውን አውልቀው መሬት መሬት እያዩ ቆሙ። ከዚያም ቀና ብለው፣

"ማሳውን የቀበርኩት እኔ ነኝ፣ በዝናብ አታሳብቡ" አሉ። "መሳፈሪያው በበዓሉ ቀን አይመረቅም፤ ዝናቡ እስኪያባራ ያ መሬት ላይ ዶማ አላሳርፍም። አሁን ቦዩን ልጠርግ ልወርድ ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ የዶኛ ኤፊፋኒያን ማሳ አጸዳለሁ፤ የሚረዳኝ ካለ ጭድ ይዞ ይከተለኝ።"