ጭብጥ የተባለው ልክ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ የሹራብ ክፍል እህቶቼ፣ የጥገና ክፍል ጓደኞቼ፣ ክቡራትና ክቡራን፤

አዳራሹን አሳምራችሁ፣ ሥራችሁን አቁማችሁ ለጡረታ ስንብቴ ብላችሁ ስለተሰበሰባችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ "ማሽን ቆመ" ሲባል በሩጫ የምመጣ ሰው ነበርኩ። ዛሬ ማሽኑ ሁሉ ቆሞ እኔ ተቀምጬ ሳይ፣ እውነቴን ነው፣ መቀመጫው አልመች አለኝ።

ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ በቱታ፣ ከማሽን ሥር ተጋድሜ ነው። እግሬን እንጂ ፊቴን የማታውቁም አትጠፉም። ይኸው፣ ፊቴ ይህን ይመስላል።

ዛሬ ግን ስለ ጥገና አላወራም። ስለ አንዲት ትንሽ ሹራብ ነው የማወራችሁ። ትንሽ ልኩራ፤ ፍቀዱልኝ።

እዚህ በተቀጠርኩ በሦስተኛው ዓመት የመጀመሪያ ልጃችን በሰባት ወሯ ተወለደች። ሆስፒታሉ ማሞቂያ ውስጥ አስገባት። ጭንቅላቷ ብርቱካን ቢያክል ነው። ሐኪሙ፣ "ሙቀቷ በአናቷ ነው የሚያልቀው፤ ኮፍያና ሹራብ አምጡላት" አለን።

እኔ ደግሞ የሕፃናት ሹራብ ፋብሪካ ሠራተኛ! ደረቴን ነፍቼ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤታችን ሄድኩ። ያለውን ትንሹን ልክ ሰጡኝ። ወስጄ ሳሳያት ነርሷ ሳቋን ዋጠች። "አባት፣ ይሄ ለእሷ ብርድ ልብስ ነው የሚሆናት" አለችኝ። በየቀኑ ስንት የሕፃን ሹራብ የሚያወጡ ማሽኖችን እየጠገንኩ፣ ለገዛ ልጄ የሚሆን አንድ አጣሁ። ይህ እንዴት ያለ ነገር ነው?

ባለቤቴ ደግሞ "ስም እናውጣላት" ስላት ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። "እስኪ ትቆይ" ነው መልሷ። ፈርታ ነበር። እኔም ፈርቼ ነበር።

ያኔ በእጅ ሥራ ክፍል አንዲት አንጋፋ ሠራተኛ ነበሩ። "እማማ ፍታው" ነበር የምንላቸው። የማንንም ሥራ አይተው የሚናገሩት ቃል አንድ ስለነበር ነው፤ "ፍታው!" ሄጄ ችግሬን ነገርኳቸው። እንዲሠሩልኝ ነበር የፈለግኩት።

"ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም፤ የዚህ ክር ደግሞ በጣም ቀጭን ነው" አሉኝ። "ያንተ እጅ ግን የማሽን መርፌ የሚያቃና እጅ ነው። ተቀመጥ!"

በምሳ ሰዓት፣ ከክር ካርቶኖች ጀርባ ተደብቄ ተማርኩ። የመጀመሪያው እጅጌ ለእኔ ክንድ የሚበቃ ሆነ፤ ሁለተኛው ለአውራ ጣቴ። "ፍታው!" ፈታሁ። አንገቱ ጠበበ። "ፍታው!" ፈታሁ። ስድስት ጊዜ! ክሩን በጣቴ ሳይሆን በጉንጬ አስመረጡኝ፤ የሚኮሰኩሰውን ጉንጭ ቶሎ ያውቀዋል። ቆዳዋን እንዳይልጣት ስፌቱን ወደ ውጭ አደረግነው። ሆስፒታሉ የሰካባት ቱቦዎች ሳይነቀሉ እንድትለብሰው ደግሞ ፊቱን ከላይ እስከ ታች ክፍት ተውነው።

ለምን ተደበቅክ ትሉኝ ይሆናል። መካኒኮቹ ጓደኞቼ እንዳይስቁብኝ ነው። ሞኝነት ነበር፤ በዚህ አልኮራም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጨረስኩ። ሹራቧንና ኮፍያዋን በመሣሪያ ሳጥኔ ይዤ ስወጣ የበሩ ፈታሽ ሳጥኑን ከፈተ። ከመፍቻዎቹ መሃል ኮፍያዋን በሁለት ጣቱ አነሳ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የልጄ ነው።"

"ከየትኛው ክፍል ወሰድከው?"

"እኔ ነኝ የሠራሁት።"

ከኋላዬ የተሰለፈው ሠራተኛ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። ፈታሹ አልሳቀም። "አንተ? በየትኛው እጅህ?"

ምን ላድርግ? መርፌዎቹንና የተረፈኝን ክር አውጥቼ እዚያው በሩ ሥር ተቀመጥኩና ሥራ ጀመርኩ። አንድ ረድፍ፣ ሁለት ረድፍ፣ ሦስት። ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ። ከሰልፉ መሃል፣ "ልቀቀው እንጂ፣ ልጅ እየጠበቀችው ነው!" የሚል ድምፅ ተሰማ። እማማ ፍታው ነበሩ። ፈታሹ ኮፍያዋን እንደ እንቁላል ተጠንቅቆ ወደ ሳጥኔ መለሰልኝ። "ሂድ፤ ያሳድግልህ" አለኝ።

ነርሷ ስታለብሳት ባለቤቴ ከመስታወቱ ማዶ ቆማ ታይ ነበር። ልኳ ነበር። ክቡራትና ክቡራን፣ ልኳ ነበር! ባለቤቴ መስታወቱን ተጠግታ አየቻት። ከዚያ፣ "ለበሰች እኮ" አለች። "ልብስ ለበሰች! ልጅ ናት እኮ!" እያለቀሰች ስም ያወጣችላት ያን ዕለት ነው።

በዚያ ክፍል ሌሎች አምስት ሕፃናት ነበሩ። ነርሷ ስትሸኘኝ፣ "አባት፣ እነዚህም እኮ ይበርዳቸዋል" አለችኝ።

በማግስቱ የያኔው ሥራ አስኪያጅ ቢሮ ገባሁና አዲስ ልክ እንጀምር አልኩ።

"ማሽኑ ከዚህ በታች አይወርድም" አሉኝ።

"ማሽኑማ ይወርዳል፤ ያልወረድነው እኛ ነን።"

ቃሉ ከአፌ ካመለጠ በኋላ ደነገጥኩ። እሳቸው ግን ትክ ብለው አዩኝና፣ "ጥግ ላይ የቆመውን አሮጌ ማሽን ውሰድ። ካልሆነ ግን ሁለተኛ እንዳታነሳብኝ!" አሉ።

አራት ወር ፈጀብኝ። መርፌ ሰበርኩ፣ ክር በጠስኩ፣ ማሽኑን ስንቴ ፈትቼ ገጠምኩት። የእጅ ሥራ ክፍል ሴቶች ምሳቸውን ከጎኔ ቆመው እየበሉ ይመክሩኛል፣ ይስቁብኛል፣ ያጎርሱኛል። እማማ ፍታው ወንበር ስበው ይቀመጡና የወጣውን ሁሉ "ፍታው!" ይላሉ። አንድ ቀን ግን አንዲት ሹራብ ወጣች። በጉንጫቸው ዳሰሷት፤ ገለበጧት፤ ሳቧት። እኔ የለመድኩትን ቃል ስጠብቅ፣ "ትሂድ" አሉ።

ትሂድ! ከዚያ ወዲህ ብዙ የምስጋና ወረቀት ተቀብያለሁ፤ እንደዚያች ቃል ያለ ግን አላገኘሁም።

ሥራ አስኪያጁ ሹራቧን መዳፋቸው ላይ አድርገው ጣቶቻቸውን ሲያጥፉባት ጠፋች። "አንድ ጭብጥ አትሞላም እኮ!" አሉ። ስሙ በዚያው ቀረ። በልክ ሰንጠረዣችን አናት ላይ "ጭብጥ" የሚለውን በየቀኑ የምትጽፉ አዲስ ልጆች፣ ከየት እንደመጣ አሁን አወቃችሁ።

እማማ ፍታው ዛሬ በሕይወት የሉም። ያ የሆስፒታል ክፍል ግን ሃያ ስምንት ዓመት ያለ ጭብጥ ሹራብ ውሎ አያውቅም። ይህን የሠራችሁት እናንተ ናችሁ። ልጄም ያቻትላችሁ፣ በሩ አጠገብ ቆማለች። በቁመት በልጣኛለች፤ በምላስማ አይነሳ!

ማሽኖቹን ለተረከበችው መካኒክ እህቴ አደራ የምላት አንድ ነገር ነው። "አይቻልም" ሲሉሽ ከመመለስሽ በፊት መፍቻሽን አንሺና ውስጡን እይው።

በሉ እንግዲህ፣ እጃችሁ አይዛል፤ ዓይናችሁ አይድከም። ቤታችሁ ሙሉ፣ ልጆቻችሁ ጤነኛ ይሁኑ። ሌላ ቦታ የሚሠራ ሰው የሠራው ዕቃ ብዙ ዓመት እንዲያገለግል ይመኝ ይሆናል። እኔ ለእናንተ የምመኘው ሌላ ነው። የምትሠሩት ሹራብ ሁሉ በቶሎ ይጥበብ። እጅጌው ይጠር፤ ቁልፉ አልገጥም ይበል፤ እናትየዋም "ውይ፣ አደገብኝ እኮ!" እያለች ታውልቀው።

አሜን በሉኝ።