ለሌንስ ዓይነ ርግብ

ያን ቀን ዝናብ ባይዘንብ ኖሮ የሐጂ ዐብዱልከሪምን ፎቶ ቤት ደጃፍ አልረግጥም ነበር። ከቅዳሜ ገበያ ወደ ትምህርት ቤቴ ስመለስ ዶፍ ያዘኝና ጥላ ስላልነበረኝ ዘው ብዬ ገባሁ። ሐጂ ከልጃቸው ከፈህሚያ ጋር ክርክር ገጥመዋል። ፈህሚያ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ክረምት ክረምት አባቷን ታግዛለች።

“መምህር፣ እንኳን ደህና መጡ፤ እስቲ ዳኙን” አሉኝ። “ወንድሜ ከጅዳ አዲስ ሌንስ ላከልኝ። ይህች ልጅ ደግሞ ዩቪ ፊልተር የሚሉት መስተዋት ካልተደረበበት አይነካም ትለኛለች። ለመሆኑ ሙሽራን ዓይነ ርግቧን ሳይገልጥ ፎቶ የሚያነሳ ማን ነው?”

“አባባ፣ ሌንስዎን የሚያደበዝዘው እኮ የሚወለውሉበት ሸሚዝ ነው” አለች ፈህሚያ አንገቷን ሰበር አድርጋ።

እውነቷን ነው። ሐጂ ሌንሱን እፍ ብለው በሸሚዛቸው ጫፍ ሳይወለውሉ ሰው አያነሱም። ለእንግዳው ክብር ነው ባይ ናቸው፤ ሳይጠርጉ ማንሳት ለእሳቸው ባልታጠበ ሳህን ምግብ እንደ ማቅረብ ነው። በክብር የሚጠፋ ንብረት ደግሞ አገራችን ውስጥ ሞልቷል።

“የጎንደር አቧራ ዘንድሮ የድንጋይ ዱቄት ነው” ስትል ቀጠለች። “በየሰፈሩ ለኮብልስቶን ድንጋይ ይፈለጣል። በሸሚዝ ሲያሹት ሌንሱን ይፍቀዋል። አሮጌውን በመብራት ቢያዩት ድመት የቧጠጠችው ይመስላል። ፊልተር ከፊት ከተገጠመ ግን የሚቧጠጠውም የሚሰበረውም እሱ ነው፤ ፈትቶ ሌላ መግጠም ነው።”

“አንድ ጊዜ ገዝቼ አይቼዋለሁ። ሠርግ ቤት አንዱን አምፖል ሁለት አድርጎ አወጣብኝ። አውልቄ ጣልሁት።”

“ያ ተራ የመስኮት መስተዋት ነበር፣ አባባ። ሲገዙ ወደ አምፖል አዘንብለው ይዩት። አምፖሉ ነጭና ቁልጭ ብሎ ከታየበት ይተዉት። ደብዘዝ ብሎ ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ሐምራዊ ከወሰደው ነጸብራቅ የሚቀንስ ቅብ አለው። ስፋቱ ሌንሱ አፍ ላይ ከተጻፈው ቁጥር ጋር ይግጠም፤ ጠርዙም ቀጭን ይሁን፣ አለዚያ የፎቶውን ማዕዘን ያጨልማል። መብራት ፊት ለፊት ሲመጣብዎ ደግሞ ይፍቱት።”

“ያለ ፊልተር ኖሬ ያለ ፊልተር አርጅቻለሁ።”

“ለዓይንስ ቢሆን አላህ ቆብ ሰጥቶት የለም?”

ሐጂ ሳቁ እንጂ አልተረቱም። እኛ ዘንድ ምክር የሚሰማው ጉዳት ከደረሰ በኋላ መሆኑን ካወቅሁ ቆይቻለሁና እኔም ሳልዳኝ ዝናቡን ማየት ያዝሁ።

በዚህ መሐል ጥቁር የለበሰች ሴት በዝናብ ርሳ ገባች። ወለላ ትባላለች፤ ከዛሪማ ነው የመጣችው። ክንዱ የሚባለው ልጇ በመተማ በኩል ሱዳን ተሻግሮ በረሃ ላይ ሞተ፤ እዚያው ቀበሩት። ሬሳ ስለሌለ በእሑዱ ለቅሶ በሬሳው ፈንታ የሚያዘው ፎቶው ነው፤ አልቃሿም መልኩን እያየች ሙሾ ታወርዳለች። ያለውም አንድ ፎቶ ብቻ ነው፤ ከመሄዱ በፊት ሐጂ በአሮጌው ሌንስ የጎንደር ግንብ ፊት ያነሱት። በትልቁ እንዲታጠብላት ሰው ልካ አሳዝዛለች።

ሐጂ አውጥተው ሰጧት። ወለላ ብዙ አየችው።

“አያ ሐጂ፣ ምነው ፊቱን ጉም ለበሰው? ሸሚዙ ይታያል፣ ግንቡ ይታያል። የልጄ ዓይኑ የት አለ?”

ሐጂ ተቀብለው ወደ መስኮቱ ወሰዱት። “ፀሐይዋ ነች...” ብለው ጀመሩና ተዉት። ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመጣ የሌንሱ ጭረት ሁሉ ያበራና ምስሉን ጉም ያለብሰዋል፤ በትንሿ ፎቶ ያልታየው በትልቁ ገሃድ ወጣ።

“ከኮምፒውተሩ ሌላ አይወጣም?” አለች ወለላ።

“ያው ነው፣ እኅቴ። ፀሐይዋም አይደለችም። ሌንሱን የፋቅሁት እኔ ነኝ።” ፎቶውን ለወለላ መለሱላት። ወደ ልጃቸው ዞሩ፦ “ግዢው። ቅብ ያለውን፣ ልኩን፣ ዛሬውኑ። እሱ ይቧጠጥ፤ ሌንሱ ይዳን። ከእንግዲህ የማነሳው ሰው ፊቱ ጠርቶ ይውጣ።”

እኔም መምህርነቴ አላስቀምጥ ብሎኝ፣ አቧራውም ዝናቡም ሠርግ ቤት የሚረጨው ሽቶም ከእንግዲህ ሌንሱ ላይ እንደማይደርስ፣ ትንሹ ወጪ ትልቁን እንደሚያድን አስረዳሁ። ምነው አፌ በተሳሰረ!

ወለላ ሁላችንንም አዳመጠች። “ይኸ የምትሉት መስተዋት ለክንዱም ይሆናል?” አለች።

“አይሆንም” አሉ ሐጂ። “ለሚመጡት ነው።”

“እንግዲያ ግዙት። የሌላዋ ልጅ ይታይ።” ፎቶውን ነጠላዋ ውስጥ ሸሽጋ ወጣች።

አንባቢዬ ሆይ፣ ሌንስ ካለህ ጥሩውን ፊልተር መርጠህ ከመጀመሪያው ቀን ግጠምበት፤ አቧራውንም እፍ ብለህ እንጂ በሸሚዝ አታንሳ። ለወለላ የሚሆን ምክር ግን የለኝም።