የአባይነሽ መዝሙር ወደ በርገን የሄደበት መንገድ

ቅዳሜ ረፋድ ከልጄ ከማዕዶት ጋር ስቶቭነር ጣቢያ ባቡር ስንጠብቅ፣ አቶ ገብረመድህን ደረታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው መጡ። እኔ ሁልጊዜ ክፉው ነገር ቀድሞ ስለሚታየኝ ልባቸውን አሟቸው ነው ብዬ ደነገጥኩ።

«ደህና ነኝ» አሉና ከኮታቸው ሥር የቤተ ክርስቲያናችንን አሮጌ ላፕቶፕ አሳዩን። «እያጣጣረ ነው። ሳይሞት በርገን ከተማ ላለው አጥቢያ በእጄ ላደርሰው ነው። የአባይነሽ ድምፅ ያለው እዚህ ውስጥ ብቻ ነው።»

አባይነሽ ሟች ባለቤታቸው ናቸው።

«ጋሼ፣ መዝሙሩን ከእኛ ቤት ሆነን በኢንተርኔት እንላከው» አለች ማዕዶት። «ይኼም የበርገኑ ኮምፒውተርም ሊኑክስ በሚባል በአንድ ዓይነት ሥርዓት ነው የሚሠሩት። ከዚህ ሆነን እዚያኛው ውስጥ መግባት እንችላለን።»

«መንገድ ላይ ሌባ ቢቀዳውስ?»

«ቢቀዳውም መዝሙር አይሰማም። ከዚህ ተቆልፎ ይወጣል፣ እዚያ ሲደርስ ይከፈታል።»

«በእጄ የያዝኩት ዕቃ ጠፍቶ አያውቅም፣ ልጄ።»

«የእማዬ በርበሬስ? ግሩነርሎካ ትራም ውስጥ አልቀረም?» አለች ወደ እኔ እያየች።

«እሱ በርበሬ ነው» ብለው ሳቁ።

እኔ የኢንተርኔቱን ሌባም፣ በረዶ ላይ የቆመ ባቡርም ታይቶኝ ነበር። ባቡሩ ባሰብኝና ወደ ቤት ይዣቸው ተመለስኩ።

በርገን ያሉት አቶ ሐብታሙ የኮምፒውተራቸውን አድራሻና የመግቢያ ቃሉን በስልክ ነገሩን። ማዕዶት አድራሻውን ስትጽፈው ላፕቶፑ ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር አወጣ፤ ይህን ማሽን አላውቀውም፣ መለያ አሻራው ይህ ነው፣ ልቀጥል ወይ ብሎ ጠየቀ።

«አዎ በይው» አሉ አቶ ገብረመድህን። «ሐብታሙን ሠላሳ ዓመት አውቀዋለሁ። ወንድምን አንተ ማነህ ማለት ነውር ነው።»

«ናይ፣ አይሆንም ጋሼ። የሚያውቁት ሰውየውን ነው፤ ማሽኑን አያውቁትም። እሳቸው ፊት ለፊታቸው ካለው ማሽን ላይ አሻራውን ያንብቡልን።»

አቶ ሐብታሙ ማዕዶት እንደነገረቻቸው አድርገው የማሽናቸውን አሻራ አነበቡ። ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሮ አልገጠመም።

«ብዬ ነበር» አልኩ እኔ።

አቶ ሐብታሙ መነጽራቸውን ፈልገው አድራሻውን እንደገና ሲያዩት፣ ስምንቱን ሦስት ብለው ኖሯል የነገሩን። የመለሰልን የማናውቀው ሰው ማሽን ነበር።

«አዎ ብንለው ኖሮ» አለች ማዕዶት «የመግቢያ ቃላችንን ለዚያ ሰው እንሰጠው ነበር።»

አቶ ገብረመድህን ወንበራቸውን ወደ ላፕቶፑ አስጠጉ። በሁለተኛው ሙከራ አሻራውን ስም እንደሚጠራ የክፍል አለቃ ፊደል በፊደል ራሳቸው አነበቡ፤ አቶ ሐብታሙ ከበርገን «አለ፣ አለ» ይላሉ። ሁሉም ገጠመ።

«አሁን አዎ በይው» አሉ።

መዝሙሮቹ መሄድ ጀመሩ። ግማሽ ላይ ኢንተርኔታችን ተቋረጠና አለቀልን ብዬ ተቀመጥኩ። ተመልሶ ሲመጣ ማዕዶት ያንኑ ትእዛዝ ደገመችው፤ ካቆመበት ቀጠለ። መጨረሻ ላይ የተላከው ከደረሰው ጋር አንድ መሆኑን አመሳከረች።

ከዚያ አቶ ሐብታሙ ስልካቸውን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠጉ። አባይነሽ ከበርገን ዘመሩ። አቶ ገብረመድህን ቆባቸውን አውልቀው አብረው ዘመሩ፤ ድምፃቸው አንድ ጊዜ ብቻ ተሰበረ። እኛም ተቀበልናቸው።

ከዚያ ቀን ወዲህ የማምነው ይህን ነው። ማነህ ብሎ መጠየቅ ወዳጅን መናቅ አይደለም፤ ለወዳጅ የሚላከውን መጠበቅ ነው። ተቆልፎ የሚሄድ ነገር ለሌባ አይመችም፣ ቢቋረጥም ከቆመበት ይቀጥላል፤ ዋናው ቅጂም ቤቱ ይቀራል። እኔ እንኳ የልጆቼን ፎቶዎች በዚሁ መንገድ ልኬ እህቴ ቤት አስቀምጫለሁ።

አቶ ገብረመድህን ለመሄድ ሲነሡ ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ተዉት።

«የባቡር ቲኬትዎስ ሊቃጠል ነው?» አልኳቸው።

«ለምን ይቃጠላል? እሄዳለሁ እንጂ» አሉ ኮታቸውን ከፍተው። «አሁን እጄ ባዶ ነው፤ ሐብታሙን አቅፈዋለሁ።»