ጥቁር ጥቁሮቹን ብቻ

ዓረብ አገር፣ ጃል ኤል ዲብ በሚባል ሰፈር በምሠራበት ቤት የማዳሜን ፒያኖ የምወለውለው ሰው ሲወጣ ጠብቄ ነው። ጥቁር ጥቁሮቹን ቁልፎች ብቻ ከነካካኋቸው የአገሬ ትዝታ ይመጣልኛላ! አንድ ቀን ታዲያ የማዳሜ ልጅ ፒያኖ አስተማሪ፣ ሽማግሌው፣ ሳላየው ገብቶ ከኋላዬ ቆሟል። ደንግጬ ጨርቄን አፈፍ አድርጌ ተነሳሁ።

"ያላ፣ ቀጥይ" አለኝ።

"አልችልም ሚስተር፣ አንድም ዘፈን አልተማርኩም።"

"ዘፈን ማን ጠየቀሽ? ከራስሽ ፍጠሪ። የናፈቀሽን ሰው ድምፅ በጣትሽ ፈልጊው።"

እናቴ ከጓሮ ሆና ስሜን ጎትታ ስትጠራኝ ትዝ አለኝ። ደጋግሜ ስቼ ስቼ አገኘሁት። አንዴ ጠራችኝ፣ ሁለቴ ጠራችኝ፤ እጄ ቆመ።

"ምነው? መልሱስ?" አለኝ።

"መልሱማ 'አቤት እማዬ' ብሎ መሮጥ ነበር" አልኩት።